ከቀለሙ በፊት ግድግዳው፣ ከግድግዳው በፊት ልጁ

ባለፈው ዓመት በጳጉሜን መጀመሪያ ነው። ጊፋታ ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ስለሚውል፣ በእነዚያ ሳምንታት ሶዶ ዕረፍት የላትም። አባወራው ለበሬ መግዣ ያጠራቀመውን ይቆጥራል፤ እማወራዋ ቅቤዋን ታዘጋጃለች፤ ቤት ይጸዳል፤ አቅም የፈቀደለት ደግሞ የቤቱን ፊት ቀለም ያስቀባል። እኔም ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የሚመጡትን ልጆቼንና ዘመዶቼን እያሰብኩ ቀለም ቀቢ ጠርቼ ነበር።

የቤታችን የፊት ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ሲላላጥ ከርሟል። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ፣ በነፋስ ቁጥር በረንዳው ላይ ይረግፋል። የመጣው ቀለም ቀቢ ወጣት ነው፤ እጁም ፈጣን ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና «ሲስተር፣ ምንም አይስጉ፤ በሁለት ቀን አዲስ ቤት አደርግልዎታለሁ» አለኝ። ወዲያው የሽቦ ብሩሹን አንሥቶ ደረቁን ቀለም መፋቅ ጀመረ። በረንዳው ነጭና አረንጓዴ ብናኝ ሆነ።

ቡና ላፈላለት ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ የረገፈውን ቅርፊት እየለቀመች ትጫወታለች። ከንፈሯ ላይ አረንጓዴ ፍርፋሪ አየሁ። አፏን ከፍቼ ሳይ ምላሷ ላይ የጥፍር ያህል የቀለም ቅርፊት ተለጥፏል። አወጣሁላት፤ አፏንና እጇን አጠብኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት የገረጣ፣ አፈር የሚበላ፣ ሆዱን የሚያመው ስንቱን ሕፃን አይቻለሁ። የሆድ ትላትል መድኃኒት ሰጥተናል፤ ለደም ማነስ አይረን ሰጥተናል፤ ስለ ምግብ መክረናል። ይህ ሁሉ ትክክል ነበር። «የቤታችሁ ግድግዳ ምን ይመስላል? ቀለሙ ይላላጣል?» ብዬ የጠየቅኳት አንዲት እናት ግን አላስታውስም። ያን ቀን ያስደነገጠኝ የልጅቷ አፍ ብቻ አልነበረም፤ ሳልጠይቅ ያሳለፍኳቸው ልጆችም ታወሱኝ።

ሥራውን አስቆምኩ። ልጁ ተገርሞ «ሲስተር፣ ቀለም እኮ ነው! እኛ ስንት ዓመት ስንውጠው!» አለኝ። «እሱን ብዬ ነው የማስቆምህ፤ ቤትህ ልጅ አለ?» አልኩት። የስምንት ወር ሕፃን አለው። ማታ ሲገባ ልብሱን ሳይቀይር እንደሚያቅፈው ሳያስበው ነገረኝ። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ባለቤቴ «እንግዳ ምን ይለናል?» አለኝ። ግማሹ የተፋቀ፣ ግማሹ የተንጨፈረረ ግድግዳ ይዘን ጊፋታን ልንቀበል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነበር። ግን አልተቀባም። ለምን እንዳልተቀባና በኋላ እንዴት እንደሠራነው ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም በዓል በመጣ ቁጥር ይህ ሥራ በየግቢው ይሠራል፣ በየግቢውም ልጅ አለ።

እርሳሱ ከየት መጣ?

እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። የሚጻፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የሚጋራው። እኔ የምለው ከባዱን ብረት፣ ባለሙያዎች ሊድ የሚሉትን ነው። ይህ ብረት ለብዙ ዘመን በዘይት ቀለም ውስጥ ሲጨመር ኖሯል፤ ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ብረቱም እንዳይዝግ። ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የዘይት ቀለሞች እንዲሁም የበርና የመስኮት ብረት የሚቀባበት የድሮው ቀይ ጸረ ዝገት በዚህ ይታወቃሉ። በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እርሳስ ዝቅተኛ ነው።

አሁን የቤታችሁን ግድግዳ አስቡት። የእኛን ቤት በ1980ዎቹ ስንሠራ መጀመሪያ ኖራ ቀባነው። ቀጥሎ ጭቃ ሲረጭ እንዲታጠብ ብለን የታችኛውን አንድ ሜትር አረንጓዴ ዘይት ቀለም አደረግነው። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። ከላይ የምናየው አዲሱን ነው፤ ሲላላጥ ግን ከሥሩ ያለው አሮጌም አብሮ ይወርዳል። የሚወርደውም ልክ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የዘጠኝ አገሮች የዘይት ቀለም ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች፤ ከተመረመሩት የአገራችን ገበያ ቀለሞች አብዛኞቹ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የእርሳስ ቀለምን ለመቆጣጠር ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። በደንቡ መሠረት በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ደንቡ መልካም ነው፤ ግን አዲስ ለሚመረተው ነው። ከደንቡ በፊት ግድግዳችን ላይ የተቀባው አሁንም እዚያው አለ።

ነገሩ ከታወቀም ቆይቷል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም በእርሳስ የተመረዙ ልጆች በተደጋጋሚ ይመጡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ምክንያቱን ጽፎ አወጣ፤ የበረንዳ መከለያና የግድግዳ ቀለም ነው አለ። በፀሐይ የደረቀው ቀለም ዱቄት ይሆናል፤ ልጆች በረንዳ ላይ ሲጫወቱ እጃቸው ላይ ይቀራል፤ እጃቸው ደግሞ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ብዙዎች አላመኑትም። ሕግ ወጥቶ ልጅ በሚደርስበት ቦታ የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ የተከለከለው በ1922 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛም ልጆቻችንን የምናስቀምጠው በረንዳ ላይ ነው።

በሕፃን ላይ የሚከፋበት ምክንያት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ ደግሞ የበለጠ ይወስዳል። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው፤ ትኩረቱን፣ ትምህርቱን፣ ጠባዩን። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የሚጎዳው። ወደ አጥንትና ጥርስ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝም ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም።

አሮጌ ቀለም እርሳስ እንዳለው በዓይን አይለይም። ስለዚህ እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜውን የማላውቀውን ማንኛውንም የቆየ ዘይት ቀለም እርሳስ እንዳለው እቆጥረዋለሁ።

ግድግዳው ለምን ይላላጣል?

የሚላላጥ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የረጠበ ግድግዳ ነው። ቀለሙን የሚገፋው ከኋላው ያለው ውሃ ነው።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር ናት፤ በልግም ክረምትም ይዘንብባታል። ብዙዎቻችን የምንኖረው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ እንጨት ቆሞ፣ ተማግሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎበት፣ ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ። አሸንዳ ከሌለ የጣራው ውሃ ቀይ አፈራችንን እየመታ እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ላይ ይረጫል። ጭቃው ውሃውን ይጠጣል። ከላይ ያለው ሲሚንቶና ዘይት ቀለም ደግሞ አፍኖ ይይዘዋል። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ የበዓል ችኮላ የሚመጣው። ጊፋታም፣ እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም የሚውሉት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ገና እንዳበቃ ነው። ግድግዳው ከዓመቱ ሁሉ በጣም የሚረጥበው ያኔ ነው። እኛም ልክ ያኔ እንቀባዋለን። በዓመቱ ይላላጣል፤ እንደገና እንፍቀዋለን፤ ልጆቹ እንደገና ብናኙን ይውጣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ግድግዳችሁ መድረቁን ለማወቅ የጠረጴዛ ያህል ላስቲክ በአራቱም ጎን ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን አቆዩት። ከውስጥ በኩል ላብ ካወጣ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ገና አልደረቀም። በጣታችሁ መገጣጠሚያም አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከጭቃው ተለያይቷል። በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

ስለዚህ እኛ ጊፋታን ባልተቀባ ግድግዳ ተቀበልን። የተፈረፈረውን ሰብስበን፣ በረንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን፣ ልጅቷ እንዳትደርስበት ከግድግዳው ፊት ሁለት አግዳሚ ወንበር ደረደርን። እንግዶቹ መጡ፤ ሥጋውም በዳጣ ተበላ። ስለ ግድግዳው የጠየቀችኝ አንዲት የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት፤ ምክንያቱን ስነግራት የራሷን ቤት እያሰበች ዝም አለች።

ጥቅምት ላይ አሸንዳ አስገጠምን፤ ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚሄድበት ቦይ አስቆፈርን፤ የሚረጨውን ውሃ እንዲሰብር ጠጠር አፈሰስንበት። ኅዳር ላይ የላስቲኩ ፍተሻ ደረቅ ሆነ። ያንኑ ልጅ ጠራሁት።

እንዴት ይፋቅ?

ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሥራው ተጠናቆ እስኪጸዳ ድረስ ከግቢ አርቁ። እኛ የልጅ ልጄን ለሦስት ቀን እናቷ ጋ ላክናት። በርና መስኮት ዝጉ፤ የተሰጣ ልብስና የውሃ በርሜል አንሡ፤ ዶሮዎችን አስገቡ። ከግድግዳው ሥር ጎመን የተከላችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ልቀሙት። ከሥሩ ጀምሮ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ላስቲክ አንጥፉና ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ነፋስ ያለበት ቀን አትጀምሩ።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ደረቅ አይፋቅም። ግድግዳው በትንሽ በትንሹ በውሃ ይረጥባል፣ ከዚያ በስፓቱላ ይፋቃል፣ ሲደርቅ እንደገና ይረጥባል። እርጥብ ቅርፊት ወደ ታች ይወድቃል እንጂ አይበንም። ለመርጨት ንጹሕ ማጠጫ ወይም በውሃ የተነከረ ሰፊ ብሩሽ ይበቃል። የማሳ ጸረ ተባይ የተረጨበትን መርጫ ግን በፍጹም አትጠቀሙ።

የሚፋቀው የተነሣው ብቻ ነው። አጥብቆ የያዘውን ቀለም ማስለቀቅ ትርፉ ብናኝ ነው፤ ደኅና ቀለም ከተሸፈነ እዚያው ይቀመጣል። ጠርዙን በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። በሚሽከረከር ማሽን መፋቅ፣ በእሳት ማቃጠል፣ በኃይለኛ የውሃ ግፊት መምታት አይሆንም። የመጀመሪያው ብናኙን፣ ሁለተኛው ጭሱን፣ ሦስተኛው ቅርፊቱን በግቢው ሁሉ ይበትናል።

ለሠራተኛው ረጅም እጅጌ፣ ጓንትና ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ ያስፈልገዋል። የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። እጁንና ፊቱን ሳይታጠብ አይብላ፣ አይጠጣ። የእኛ ቀለም ቀቢ በዚህኛው ጊዜ መቀየሪያ ልብስ በፌስታል ይዞ መጣ። ማታ ታጥቦ፣ ቀይሮ ነው የሄደው። የሥራ ልብሱ ከልጅ ልብስ ጋር እንዳይታጠብ ለባለቤቱ መንገሩን ነገረኝ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ሲጨርስ ላስቲኩ ከነቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ በሁለት ፌስታል ታስሮ ለከተማው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል። አይቃጠልም። በእንሰቱ ሥር አይደፋም። ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮትም ለማገዶ አይሁን፤ ጭሱ ወጥ ቤት ነው የሚቀረው። በረንዳው በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ይታጠብ፤ ውሃውም ደጋግሞ ይቀየር።

መጠገንና ማድረቅ

ጥቁር ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡና ቀቡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በደንብ እጠቡት። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስንጥቁንና የወደቀውን ልስን መጠገን ቀጥሎ ይመጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የውጭ ግድግዳን በጀሶ ይሞላሉ። ጀሶ የውስጥ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ለውጭ ጭቃውን በጭቃና በጭድ፣ ልስኑን በአሸዋና በሲሚንቶ ጠግኑ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም።

ቀለም ስትገዙ ሻጩን «እርሳስ የለበትም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ጠያቂ ሲበዛ ሻጭም መልስ ያዘጋጃል። ለጭቃ ቤት ውጭ ዘይት ቀለም አልመክርም፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። ኖራ ርካሽ ነው፣ ግድግዳውንም ያስተነፍሳል። ግን ያልጠፋም የተበጠበጠም ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ልጅ ዓይን ውስጥ ከገባ ቅንጣቱን አስወግዳችሁ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከዚያ በቀጭኑ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደገም።

ልጁ ቅርፊት ከበላ

አትደንግጡ፤ ግን «ያልፋል» ብላችሁም አትተዉት። አፉንና እጁን እጠቡ፤ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ከሁሉ በፊት ልጁን ከምንጩ አርቁ፤ ልጁ ዛሬም ነገም የሚለቅም ከሆነ ሌላው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም። ከምግብ በፊትና ከመተኛቱ በፊት እጁን ማጠብ ልማድ ይሁን፤ አሻንጉሊቱም ይታጠብ። ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ ስጡት፤ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ሲገኝ ሥጋ። ወደ ጤና ባለሙያ ስትሄዱ ስለ ቀለሙ ራሳችሁ ተናገሩ፤ ላትጠየቁ ትችላላችሁ። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ልጁ ከገረጣ፣ ሆዱን ደጋግሞ ካመመው፣ ከደረቀበት፣ ከተነጫነጨ ወይም የተማረውን ንግግር ካቋረጠ ቀን አትቁጠሩ። የሚጥለው ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው፤ በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

የልጅ ልጄን እኔም ወስጃታለሁ። ደሟ ትንሽ አንሶ ነበር፤ አይረን ተሰጣት፤ ከወራት በኋላ ተስተካከለ። ያ ቅርፊት ምን እንዳደረገባት ወይም እንዳላደረገባት ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ እንዳልበላች ግን አውቃለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ አልፏል፤ ግድግዳው አልተላላጠም። ለጊፋታ ያደረግኩለት ነገር ቢኖር በሳሙና ውሃና በጨርቅ ማጠብ ብቻ ነው። ቀለም ቀቢው በዚያ ሰሞን በሌላ ግቢ ሥራ ሲጠየቅ «አሁን እርጥብ ነው፤ ኅዳር ላይ ልምጣ» ብሎ መመለሱን ሰማሁ። ሥራ ያጣበት ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ወረፋ አለበት።